ጥንት በአውቶቡስ መስኮት፦ ከሮም እስከ ፔስቱም የተዘረጋ የጉብኝት መስመር እንደ ታሪክ ሰነድ



ለዛሬው ንግግር መነሻ ያደረግሁት ሰነድ ብራና አይደለም፤ ከቤተ መዛግብትም አልወጣም። አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን የጉብኝት መርሐ ግብር ነው። ከሮም ተነሥቶ በቲሬኒያ ባሕር ጠረፍ ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ኦስቲያን፣ ቴራቺናን፣ ስፔርሎንጋን፣ ፖትሱኦሊን፣ ፖምፔይንና አማልፊን አልፎ ፔስቱም ላይ የሚያበቃ፣ በስምንተኛው ቀን ወደ ሮም የሚመለስ የአውቶቡስ ጉዞ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ማለትም በእነርሱ በጋ፣ ከአርባ ከሚበልጡ መንገደኞች ጋር ይህን መስመር ተጉዤዋለሁ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ነበሩ። በሙያዬ ምክንያት አስጎብኚያችንን በጥያቄ ሳላሰለቻት አልቀረሁም፤ እርሷ ግን ትዕግሥተኛም አዋቂም ነበረች።

እንዲህ ያለውን ወረቀት የታሪክ ሰነድ የምለው የታሪክ ጸሐፊ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ስለሚሠራ ነው። ይመርጣል፤ ቅደም ተከተል ይሰጣል፤ ለአንዱ ስፍራ ሦስት ሰዓት፣ ለሌላው አርባ ደቂቃ ይመድባል፤ አንዳንዱን ደግሞ በመስኮት አሳይቶ ያልፋል። እንግዲህ ማን ጻፈው? ከኢትዮጵያ የሄደ አንባቢስ በመስመሮቹ መካከል ምን ያገኛል? ልመልስ የምሞክረው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጭሩ ላንሣ። መስመሩ የአስጎብኚ ድርጅት ፈጠራ አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አውሮፓ፣ ይልቁንም የእንግሊዝ መሳፍንት ልጆች ትምህርታቸውን ለመደምደም ወደ ኢጣሊያ ይላኩ ነበር። አንዳንዶቹ ከሞግዚት መምህራቸው ጋር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ሄርኩላኒየም በ1738፣ ፖምፔይ በ1748 መቆፈር ሲጀምሩ ናፖሊ የጉዞው ዋና መዳረሻ ሆነች። ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1787 ፔስቱም ደርሶ የዐምዶቹ ውፍረት መጀመሪያ ላይ እንደ ከበደው ጽፏል። በ1839 ከናፖሊ ወደ ፖርቲቺ የኢጣሊያ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1864 ቶማስ ኩክ የመጀመሪያዎቹን የኢጣሊያ ጉብኝተኞቹን ይዞ መጣ። የመሳፍንቱ ልጆች በወራት ያዳረሱት አገር ዛሬ በስምንት ቀን ይታያል፤ የሚቆምባቸው ስፍራዎች ግን በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ለእኛም ባዕድ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ የሚለው የሰሜኑ መስመር ከአፋችን የማይጠፋው ታሪካችን በራሱ በዚያ ቅደም ተከተል ስለሆነ አይደለም፤ ቱሪዝም እንደ ተቋም ሲደራጅ የተሰመረ መስመር ስለሆነ ነው።

ወደ ጉዞው ልግባ። የመጀመሪያው ማለዳ ኦስቲያ ነው፤ የጥንቷ ሮም የወንዝ አፍ ወደብ። በዚያ የነጋዴዎችና የመርከበኞች ማኅበራት አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። በወለሉ ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተሠሩ ሥዕሎች የእያንዳንዱን ጽሕፈት ቤት ባለቤት ይናገራሉ፤ የካርታጎ መርከበኞች፣ የእስክንድርያ ሰዎች፣ የሰብራታ ነጋዴዎች። የሰብራታው ምልክት ዝሆን ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ አሳምራ ተረከች። ያልተናገረችው፣ መርሐ ግብሩም ያልጻፈው፣ ያ ከተማ እንዴት ከመሬት እንደ ወጣ ነው። ሙሶሊኒ ወደ ሮም የዘመተበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር በ1942 ሊካሄድ ለታቀደ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲባል ከ1938 እስከ 1942 ድረስ በኦስቲያ ታላቅ ቁፋሮ ተካሄደ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የተገለጠው ስፍራ ከእጥፍ በላይ ሰፋ። ጦርነቱ መጣና ኤግዚቢሽኑ ሳይካሄድ ቀረ። የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ሆይ፣ የዚህ ጥድፊያ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ የሚፈለገው የቄሣሮቹ ዘመን ስለ ነበር ከበላዩ የነበሩት የኋለኛው ዘመን ንጣፎች በቂ መዝገብ ሳይያዝላቸው ተጠርገው ተጣሉ።

ያው መንግሥት በሮም መሐል በሠራው ሰፊ ጎዳና ዳር፣ በማክሴንጥዮስ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ፣ በ1934 የሮም ግዛት ከአንዲት መንደር ተነሥቶ ዓለምን እስኪያካልል ድረስ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ሰቅሎ ነበር። በ1936 አምስተኛ ጨመረ። በአምስተኛው ላይ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ግዛት ተደርጋ ተስላለች። አራቱ ዛሬም አሉ፤ አምስተኛው ከጦርነቱ በኋላ ወረደ። አውቶቡሳችን በአጠገባቸው ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ የሚያየው አራት ካርታ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚፈልገው አምስተኛውን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ወደ ደቡብ ስንወርድ የፖንቲና ሜዳ ይመጣል። ለጥ ያለ፣ በቦይ የተከፋፈለ፣ የለማ አገር ነው። በዘመናት ብዛት ረግረግና የወባ መናኸሪያ ሆኖ ቆይቶ በፋሺስቱ ዘመን እንደ ደረቀ፣ ሊቶሪያ፣ የዛሬዋ ላቲና፣ በ1932፣ ሳባውዲያም በ1934 እንደ ተመረቁ በማይክሮፎን ተነገረን። አንድ ዐረፍተ ነገር፤ ከዚያም የምሳ ምርጫ። እውነት ነው፤ የውሃው ሥራ ትልቅ የምሕንድስና ሥራ ነበር። ግን ያንን ሜዳ አከፋፍሎ ከሰሜን ኢጣሊያ ያመጣቸውን ገበሬዎች ያሰፈረው የቀድሞ ተዋጊዎች ብሔራዊ ድርጅት፣ ከ1937 ጀምሮ በሆለታና በቢሾፍቱ የሰፈራ እርሻ የከፈተው ያው ድርጅት ነው። ያው የቤት አሠራር፣ ያው የእርሻ ክፍፍል፣ ያው ውል። ልዩነቱ በፖንቲና የተሸነፈው ረግረግ ሲሆን በሆለታ መሬቱ ባለቤት የነበረው መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወረራውን ዘመን የመሬት ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ፖንቲናን ማየት ትርፍ ነገር አይመስለኝም።

ቴራቺና ላይ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ከባሕር ጋር ይገናኛል። መንገዱ በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጀመር ተራራውን ሽቅብ ወጥቶ ይወርድ ነበር፤ በኋላ በቄሣር ትራያን ዘመን ገደሉ ከግርጌው ተቆርጦ በባሕሩ ዳር እንዲያልፍ ተደረገ። ጠራቢዎቹ የሥራቸውን ልክ ከላይ ወደ ታች በየአሥር ጫማው በቁጥር ቀርጸውታል፤ የመጨረሻው ቁጥር 120 ነው፤ ሠላሳ ስድስት ሜትር ገደማ። በአራት መቶ ገጽ መጽሐፍ የማይገኝ የጉልበት ታሪክ በአንድ ገደል ላይ ተጽፏል። ለዚህ የተመደበልን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነበር፤ እኔ ብሆን ግማሽ ቀን እሰጠው ነበር።

ስፔርሎንጋ ላይ የቄሣር ጢባርዮስ ዋሻ አለ። በ26 ዓመተ ምሕረት ቄሣሩ በዚያ ሲመገብ ድንጋይ እንደ ተናደና ሴያኑስ የተባለው ባለሥልጣን በገላው እንደ ጋረደው ታኪቱስ ጽፏል። በ1957 የባሕር ዳር መንገድ ሲሠራ በሺህ የሚቆጠሩ የሐውልት ስብርባሪዎች ተገኙ፤ ወደ ሮም ሊወሰዱ ሲሉ የመንደሩ ሰዎች መንገድ ዘግተው አስቀሩአቸው። በ1963 እዚያው ቤተ መዘክር ተከፈተላቸው። ቅርስ ባለበት ይቆይ የሚለው ክርክር የሚነሣው በቅኝ ገዥና በተገዥ መካከል ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከዚያ ዳርቻ ሰማዩ ሲጠራ በአድማስ ላይ የፖንዛ ደሴቶች ይታያሉ። ቄሣር አውግስጦስ ልጁን ዩልያን ከእነዚህ ደሴቶች በአንዷ እንዳጋዛት፣ ከእርሷም በኋላ ሌሎች የቤተ መንግሥት ሰዎች ወደዚያው እንደ ተላኩ ተተረከልን። መንገደኛው በዩልያ አዘነ። እኔም አዝኛለሁ፤ ግን በፖንዛ ታስረው ስለ ነበሩት ስለ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጠየቅሁ። ራስ እምሩ በ1936 መጨረሻ ከተማረኩ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በዚያች ደሴት ተጋዙ። በሐምሌ 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ወደ ፖንዛ አመጡትና ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት አስቀመጡት። እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ ቢጻፍ ሐያሲ "አይታመንም" ይለው ነበር። አስጎብኚያችን ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ስሙን ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ።

አሁን የጉዞው እምብርት ወደምለው ስፍራ ደርሰናል፤ እርሱም ፖምፔይ አይደለም። ፖትሱኦሊ ነው፤ በግብረ ሐዋርያት ፑቲዮሉስ የተባለችው። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስክንድርያ መርከብ መጥቶ ከባሕር የወጣው፣ ከወንድሞችም ጋር ሰባት ቀን የተቀመጠው በዚያ ነው። መርከቡ የእስክንድርያ መሆኑ ድንገተኛ ነገር አይደለም። የምሥራቁ ንግድ ሁሉ፣ የግብፅ ስንዴ፣ የሕንድ ቅመም፣ የቀይ ባሕር ዝሆን ጥርስ፣ በእስክንድርያ በኩል ወደዚህ ወደብ ይመጣ ነበር። በከተማዋ መሐል የቆሙት ሦስት የእብነ በረድ ዐምዶች ለረጅም ጊዜ የሴራፒስ ቤተ ጣዖት ናቸው ሲባሉ ኖረዋል፤ የገበያ አዳራሽ ዐምዶች መሆናቸው በኋላ ታውቋል። ከመሬት ከፍ ብሎ በዐምዶቹ ወገብ ላይ ድንጋይ የሚበሱ የባሕር ፍጥረታት የፈለፈሉት ቀዳዳ አለ። ምድሩ ወርዶ ባሕር ገብቶበት፣ ኋላም መልሶ ከፍ ብሎ ነበርና። ቻርልስ ላይል በ1830 ባሳተመው የሥነ ምድር መጽሐፉ መክፈቻ ላይ ያወጣው የእነዚህን ዐምዶች ሥዕል ነው። ምድሩ ዛሬም አላረፈም፤ ከ1982 እስከ 1984 ብቻ 1.8 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል።

ከፖትሱኦሊ ማዶ የሚሴኖ ርእሰ ምድር ይታያል። የሮም የባሕር ኃይል ጦር የሰፈረው በዚያ ነበር፤ በ79 ዓመተ ምሕረት ቬሱቪየስ ሲፈነዳ አዛዡ ታላቁ ፕሊኒ ነበር። የወንድሙ ልጅ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ የእኅቱ ልጅ ትንሹ ፕሊኒ፣ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለታኪቱስ በጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች የሆነውን ተርኳል። አጎቱ ከተራራው የወጣውን ዛፍ መሳይ ደመና ቀርቦ ሊመረምር አስቦ መርከብ አዘጋጀ፤ የእርዱኝ መልእክት ሲደርሰው ምርምሩን ወደ ነፍስ አድን ሥራ ለወጠው፤ ስታቢያ በተባለች ዳርቻ ላይ ሞተ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ላለን ሰዎች አገር አማን ብሎ መጽሐፍ ላይ መቀመጥ ምን ነውር ነበረበት ያሰኛል።

ይህን ታሪክ አስጎብኚ ሁሉ ይናገረዋል። የማይነገረው ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በፈጸመው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ስለ አዱሊስ መጻፉ ነው። አዱሊስን የትሮግሎዲቶችም የኢትዮጵያውያንም ታላቅ የንግድ ስፍራ ይላታል፤ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የኤሊ ልብስ፣ ጦጣና ባሪያ የሚወጣባት ወደብ። በዚያው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ ከአዱሊስ ሦስት ቀን ተጉዞ ቆሎኤ፣ ከዚያም አምስት ቀን ተጉዞ የአክሱማውያን ከተማ እንደሚደረስ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስም በአክሱም በኩል ወደ ወደቡ እንደሚወርድ ይናገራል። እንግዲህ በእነዚያ የገበያ ዐምዶች ሥር ቆሜ ያሰብሁት ይህን ነው፦ በቬሱቪየስ አመድ የሞተው ሰው አዱሊስን ያውቃት ነበር፤ ዕቃችንም በሚያዝዘው ባሕር ላይ ያልፍ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ መስመር ላይ የምትገባው በ1930ዎቹ በድል አድራጊ ካርታ አይደለም። ፖምፔይ ሳትጠፋ በፊት ገብታለች፤ በሸቀጥ ብቻ ሳይሆን በባርነት በተሸጡ ሰዎችም ጭምር። ይህን የኋለኛውን ስንጽፍ ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ፕሊኒ ግን ከዝሆን ጥርሱ ተራ በተራ ዘርዝሮታል።

ናፖሊን በአውቶቡስ አቋረጥናት። በአልፎንሶ ቤተ መንግሥት አጠገብ ስናልፍ በ1450 ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተላከ መልእክተኛ ቡድን ለዚያ ንጉሥ መቅረቡን ለጎረቤቴ ነገርኋት፤ የገረማት ግን ስሙ ነበር። በፉዎሪግሮታ ሰፈር በኩል ስንወጣ የባሕር ማዶ ኤግዚቢሽን የሚባለው ግቢ ይታያል። በግንቦት 1940 ተመርቆ ኢጣሊያ በሰኔ ጦርነት ስትገባ ተዘጋ። በውስጡ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ አምሳያ እስካሁን አለ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ለትርኢት እዚያ እንዲኖሩ ተደርገው ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋባቸውና ቀሩ። በኋላ ወደ ማርኬ አውራጃ፣ ትሬያ አጠገብ ወዳለ ቤት ተዛወሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አምልጠው ፋሺስቶችን ከሚዋጉ የኢጣሊያ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ለማስተርስ ጽሑፉ ርእስ የጠፋበት ተማሪ በዚህ አዳራሽ ካለ ከንግግሬ በኋላ ያነጋግረኝ።

ፖምፔይ ሦስት ሰዓት ተሰጣት፤ አይበቃም። ከተማዋ 66 ሄክታር ያህል ስትሆን ከሦስት አንድ እጁ ገና ከአመድ በታች ነው። ከኅዳር 2024 ጀምሮ በቀን ከ20,000 በላይ ጎብኚ አይገባም፤ በነሐሴ ፀሐይ ለቆመ ሰው ግን ቁጥሩ የሚያጽናና አይደለም። ዛሬ የምንዞርባት ፖምፔይ የጁሴፔ ፊዮሬሊ ሥራ ናት ማለት ይቻላል። ከተማዋን በቀጠና፣ በሰፈርና በበር ቁጥር የከፋፈለ፣ በ1863 አስከሬኖች በደረቀው አመድ ውስጥ የተዉትን ክፍተት በጄሶ ሞልቶ የሙታኑን ቅርጽ ያወጣ እርሱ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው እነዚያን ነው። እኔ ለማንሣት አልፈለግሁም፤ ያ ጄሶ ሐውልት ሳይሆን አጥንት ያለበት መቃብር ነው።

የታሪክ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ፍንዳታው ለዘመናት ነሐሴ 24 ቀን ሆነ ሲባል ኖሯል፤ መሠረቱ የደብዳቤዎቹ ግልባጮች ናቸው። በ2018 በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ፣ የጥቅምት አጋማሽን ቀን የያዘ ጽሑፍ ተገኘ፤ አሁን ብዙዎቹ ምሁራን ወደ ጥቅምት መጨረሻ ያዘነብላሉ። በእጅ የተገለበጠ ጽሑፍ ላይ የምንሠራ እኛ፣ የገልባጭን ስሕተት ከግድግዳ ጋር የማነጻጸር ዕድል ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ እናውቃለን። ደግሞም የአዲሱ ቁፋሮ ዓይን ተለውጧል። በ2021 ከከተማዋ ውጪ ባለ ርስት ሦስት አልጋዎች ያሉት ጠባብ የባሮች ክፍል ተገኘ፤ በ2023 ባሮችና አህዮች በአንድነት ተዘግተው እህል ይፈጩበት የነበረ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ ዳቦ ቤት ይፋ ሆነ። መርሐ ግብራችን ግን አሁንም የሚያሳየው የሀብታሞቹን አዳራሽ ነው። መስመር ከቁፋሮ ይልቅ ቀስ ብሎ ይለወጣል።

አማልፊ ውብ ናት፤ ጠባቡ መንገድና ሾፌራችን ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሎሚውም የተባለውን ያህል ትልቅ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ፔስቱም ግን ጸጥታ ነው። በ600 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ግሪኮች ፖሴይዶኒያ ብለው የመሠረቷት፣ በኋላ ሉካኖች የያዟት፣ በ273 ሮማውያን የወሰዷት፣ በመጨረሻ ወባና ረግረግ ያስለቀቋት ከተማ ናት። ሦስቱ ቤተ መቅደሶች ጎተ እንዳያቸው ቆመዋል። በ1968 ከከተማዋ ወጣ ብሎ በተገኘ መቃብር ክዳን ላይ አንድ ወጣት ራቁቱን ከከፍታ ወደ ውሃ ሲዘል ተስሏል። ትርጓሜው ብዙ ነው፤ ሞት ነው የሚሉ አሉ፤ ዋና ብቻ ነው የሚሉም አሉ። አርባ ደቂቃዬን በሙሉ በፊቱ ቆሜ ጨረስሁት፤ ዐምዶቹን ያየኋቸው ወደ አውቶቡሱ እየሮጥሁ ነው።

በስምንተኛው ቀን ከናፖሊ ወደ ሮም ተመለስን። የአክሱም ሐውልትም የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ተቆራርጦ ከምጽዋ ተጭኖ መጋቢት 27 ቀን 1937 ናፖሊ ደረሰ። የመርከቡ ስም "አድዋ" ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን በሮም በአፍሪካ ሚኒስቴር ፊት ለፊት ተመረቀ፤ ሕንጻው ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። የ1947ቱ የሰላም ውል የተዘረፈው ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ቢያዝዝም ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ በ2008 ዳግመኛ ተተከለ።

አውቶቡሱ በዚያ አደባባይ ሲያልፍ አስጎብኚያችን በአንዱ ወገን ያለውን ታላቁን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አሳየችን። መንገደኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ ወደ ወንበሬ መጣችና ሐውልቱ ቆሞ የነበረው በትክክል የት ላይ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።